«ሁለት ጊዜ ብቻ የበረረ» የሚል ማስታወቂያ አይታችሁ ቀብድ ከመላካችሁ በፊት

ይህን የምጽፈው ያገለገለ የሪሞት አውሮፕላን ለመግዛት ለምታስቡ ነው። በተለይ ለጀማሪዎች። ከሻጩ ጋር ዋጋ ተስማምታችሁ ቀብድ ለመላክ ስልካችሁን ይዛችሁ ከሆነ ደግሞ ትንሽ ታገሱኝ።

እኔ ተሸውጃለሁ። ገንዘቡ ቆጭቶኛል። ከገንዘቡ ይበልጥ ግን ሦስት ወር ሙሉ ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ ማመኔ ያንገበግበኛል። ከኔም የባሰው አንድ የ12 ዓመት ልጅ «እኔ ነኝ ያበላሸሁት» ብሎ ማመኑ ነው።

የዚህ ዕቃ ጉድ እዚህ ላይ ነው። ያገለገለ ፍሪጅ ገዝታችሁ ካላቀዘቀዘ ፍሪጁ ተበላሽቷል ትላላችሁ። «አያያዝ ስለማትችል ነው» የሚላችሁ የለም። ያገለገለ አውሮፕላን ገዝታችሁ ሲወድቅ ግን የመጀመሪያዎቹ ተጠርጣሪዎች እናንተ ናችሁ። ሻጩ «ጀማሪ ስለሆንክ ነው» ይላል። ሜዳ ላይ ቆመው ያዩትም ያንኑ ይላሉ። እናንተም ታምናላችሁ፤ እውነትም ጀማሪ ናችሁና። በዚያ ላይ ዕቃው ሲወድቅ ይሰባበራል። የድሮው ስብራት ከአዲሱ ስብራት ጋር ይደባለቃል። ተበላሽቶ የተሸጠ አውሮፕላን የራሱን ማስረጃ ራሱ ያጠፋል።

ማስታወቂያው «ፉል ሴት» ይል ነበር። ክንፉ ከላይ የተቀመጠ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ 1.4 ሜትር የሆነ የፎም መለማመጃ አውሮፕላን። ሪሞቱ፣ ሪሲቨሩ (አውሮፕላኑ ውስጥ ሆኖ የሪሞቱን ትዕዛዝ የሚቀበለው)፣ ሁለት ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ፣ ቻርጀሩ፣ ሁሉም አብሮ። «ሁለት ጊዜ ብቻ የበረረ። ባትሪ ሰክቶ ማብረር ነው።» ፎቶዎቹ ያምራሉ። አፍንጫው ላይ ደማቅ ቀይ ስቲከር አለ። እሱ ስቲከር በኋላ ይመጣል።

ተገናኘን። ሰውዬው ባትሪውን ሰካ። ሪሞቱን ሲያንቀሳቅስ ክንፉና ጭራው ላይ ያሉት መሪዎች ታዘዙ። ሞተሩ ዞረ። «ይኸው፣ ሁሉም ይሰራል» አለኝ። አንዴ አብረን እናብረው ወይ ስለው ነፋስ አለ አለ። ሌላ ገዢ እየጠበቀው እንደሆነም ነገረኝ። ከፈልኩ።

የመጀመሪያው በረራ ላይ ሞተሩ በአራተኛው ደቂቃ ደከመ። ሻጩ 8 ደቂቃ ይበራል ብሎኝ ነበር። ጉልበት አብዝቼበት ይሆናል አልኩ። ሁለተኛው ላይ አውሮፕላኑ ያለማቋረጥ ወደ ግራ ይጎትት ነበር። ማስተካከያውን እስከ መጨረሻው ገፋሁት፤ አልበቃም። እጄ ገና አልተላመደም አልኩ። በሦስተኛው የእህቴን ልጅ ይዤው ሄድኩ። አውሮፕላኑን ከፍ ካደረግኩት በኋላ ሪሞቱን ሰጠሁት። ጎበዝ ነበር። ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ አዞረው። 150 ሜትር ያህል ከራቀ በኋላ ግን መመለሱን እምቢ አለ። ልጁ ስቲኩን ወደ ግራ ይገፋል፤ አውሮፕላኑ ወደ ቀኝ ይዞራል። ሪሞቱን ቀምቼ ሞተሩን አጠፋሁ። ሞተሩ አልጠፋም። ክቡን እያጠበበ፣ እየጮኸ፣ በሙሉ ጉልበት ቁልቁል ወረደ። የወደቀው ኳስ ከሚጫወቱ ልጆች 40 እርምጃ ያህል ርቆ ነው። ይህን ስጽፍ አሁንም እጄ ይርዳል።

«አጎቴ፣ እኔ ነኝ አይደል?» አለኝ። አይደለህም አልኩት። ግን ከልቤ አልነበረም፤ እሱም ገብቶታል። ከዚያ በኋላ ሜዳ እንሂድ ስለው የቤት ሥራ አለብኝ ማለት ጀመረ።

ለሻጩ ጻፍኩለት። «ለልጅ ሰጥተህ ጥለኸው እኔን ትወቅሳለህ?» ብሎ መለሰ። ከዚያ ብሎክ አደረገኝ። ስብርባሪውን በካርቶን አድርጌ ጥግ ላይ አስቀመጥኩት።

ከሦስት ወር በኋላ ሞተሩን ለሌላ ሥራ ፈለግኩትና ካርቶኑን ከፈትኩ። ካቻቪቴ ይዤ አፍንጫውን ስፈታ ቀዩ ስቲከር ተላጠ። ከስሩ ፎሙ ዙሪያውን ተሰንጥቆ ነበር። ስንጥቁ ውስጥ ቢጫ የሆነ፣ የደረቀ፣ የቆየ ማጣበቂያ ሞልቶበታል። ይህ የኔ ስብራት አይደለም። እኔ ማጣበቂያ አልነካሁም። አውሮፕላኑ ከኔ በፊት በአፍንጫው ወድቋል፣ ተጣብቋል፣ በስቲከር ተሸፍኗል።

ሞተሩ የሚታሰርበት መቀመጫም ሲጣበቅ ወደ ግራ ተጣሟል። ብዙ መለማመጃ አውሮፕላኖች ላይ ሞተሩ ሆን ተብሎ ትንሽ ወደ ቀኝና ወደ ታች እንዲያይ ተደርጎ ይሠራል። ፕሮፔለሩ ሲዞር አውሮፕላኑን ወደ ግራ ስለሚጎትተው ያንን ለማካካስ ነው። የኔው ወደ ግራ ያይ ነበር። ስለዚህ ጉልበት በሰጠሁት ቁጥር ወደ ግራ ይሄዳል። ይህን ለመለየት ቀላል መንገድ አለ፤ ያኔ ባውቀው ኖሮ! ሞተሩን አጥፍታችሁ ሲንሸራተት ቀጥ ካለ፣ ሞተሩ ሲሠራ ብቻ ከጎተተ፣ ችግሩ የሞተሩ አቅጣጫ ነው። በሁለቱም ከጎተተ ክንፉን ወይም ጭራውን ተመልከቱ፤ አንዱ ተጣሟል።

ቀጥሎ ባትሪው። ላዩ ላይ ባለ ሦስት ሴል፣ 2200 ሚሊአምፕ አወር (የሚይዘው መጠን)፣ 30 ሲ (በአንዴ የመስጠት አቅሙ) ይላል። በሚዛን አስቀመጥኩት። 118 ግራም። ባለ ሦስት ሴል 2200 ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ ከ170 እስከ 200 ግራም ይመዝናል። ሊፖ ውስጥ ያለው ጉልበት ክብደት አለው፤ ከአየር አይመጣም። የላይኛውን ፕላስቲክ በጥንቃቄ ቀደድኩት። ከስሩ ሌላ ጽሑፍ ወጣ። 1300 ይላል። ሁለተኛውን ባትሪ እያንዳንዱ ሴል 3.5 ቮልት እስኪደርስ ተጠቅሜ ቻርጅ አደረግኩት። ቻርጀሩ 1,190 ሚሊአምፕ አወር አስገብቶ ሞላ አለ። ያ «በአራት ደቂቃ የደከመ» በረራ ጤነኛ በረራ ነበር። ለ1300 ባትሪ አራት ደቂቃ ልክ ነው።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። የውሸት ስቲከር ገንዘብ ብቻ አይበላም። ሊፖ ቻርጅ የሚደረገው በአቅሙ ልክ ነው። 2200 ከሆነ በ2.2 አምፔር፣ 1300 ከሆነ በ1.3። እኔ ስቲከሩን አምኜ በ2.2 ሳስገባበት ከርሜያለሁ። ያንን ያረጀ ባትሪ ከሚገባው ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ አስጨንቄዋለሁ ማለት ነው። አንደኛው አብጦ እንደ ትራስ ሆኗል። ያን ሁሉ ጊዜ ቻርጅ የማደርገው መኝታ ክፍሌ ውስጥ፣ የእንጨት ጠረጴዛ ላይ ነበር። ሊፖ አንዴ ከተቀጣጠለ ነበልባሉ ኃይለኛ ነው፤ በቀላሉም አይጠፋም። ያበጠ ባትሪ «ለመለማመጃ ይሆናል» ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው እሳት እየሸጠላችሁ ነው። በነፃም ቢሆን አትውሰዱ።

መጨረሻ ላይ ሪሲቨሩን አወጣሁ። በ2.4 ጊጋ ኸርዝ የሬዲዮ ሞገድ በሚሠራ ሪሲቨር ላይ አንቴናው ቀጭን ሽቦ ነው። የሽቦው አብዛኛው ክፍል መሸፈኛ ያለው ማስተላለፊያ ነው። ምልክቱን የሚቀበለው ጫፉ ላይ የተራቆተው 31 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍል ብቻ ነው። የኔው ላይ የቀረው 12 ሚሊ ሜትር ነበር። ተቆርጧል። የተቆረጠው ጫፍ ላይ ደግሞ ያው ቢጫ ማጣበቂያ ደርቆበታል። አፍንጫው ከተጣበቀበት ቀን በፊት የተቆረጠ ነው ማለት ነው። ሪሲቨሩን ከባትሪ ጋር አያይዤ ሪሞቱን ጉልበቱን ቀንሶ ርቀት በሚፈትሽበት ዘዴ ላይ አድርጌ ራቅኩ። ስምንተኛው እርምጃ ላይ ምልክቱ ጠፋ።

ሻጩ ፊት ለፊቴ ቆሞ «ይኸው ይሰራል» ሲል አልዋሸም። በአንድ ሜትር ርቀት በደንብ ይሠራል። ሁለቱን የመጀመሪያ በረራዎች ፈርቼ ቅርብ ለቅርብ ስላበረርኩ ተርፌያለሁ። ልጁ ጋር ሲደርስ ራቀ። ስቲኩ ላይ የነበረችው የዚያ ልጅ እጅ ምንም አላጠፋችም።

ሞተሩ ለምን አልጠፋም? ፌይልሴፍ የሚባል ነገር አለ። ምልክት ሲጠፋ ሪሲቨሩ ምን ማድረግ እንዳለበት አስቀድሞ ይነገረዋል። ትክክለኛው ትዕዛዝ ሞተሩን አጥፋ ነው። የኔው ግን የመጨረሻውን ትዕዛዝ ያዝ ተብሎ ነበር። የመጨረሻው ትዕዛዝ ወደ ቀኝ መዞርና ሞተር ነበር። ስለዚህ መሬት እስኪነካ ድረስ ወደ ቀኝ እየዞረ ሞተሩ መሥራቱን ቀጠለ። ማጣበቂያውና ባትሪው ያሳዘኑኝን ያህል ይሄኛው አስቆጥቶኛል። ሰው ሊገድል የሚችለው እሱ ነውና።

አሁን ወደናንተ ልምጣ። ከቤት ስትወጡ የኩሽና ሚዛን፣ የሴል ቮልት የሚያሳይ ትንሽ መለኪያ እና ካቻቪቴ ያዙ። ሦስቱም ትንሽ ቦርሳ ውስጥ ይገባሉ።

መጀመሪያ ፕሮፔለሩን አስፈቱ። «ምን ያደርጋል፣ ሳልፈታው ላሳይህ» ካለ አትስማሙ። ከተፈታ በኋላ ለሞተሩ እስከ ግማሽ ጉልበት ይስጠው። ከዚያ ሪሞቱን ያጥፋ። ሞተሩ በአንድ ሁለት ሴኮንድ ውስጥ ካልቆመ ፌይልሴፉ አልተስተካከለም። ይህ ሊስተካከል የሚችል ነገር ነው፤ በዚህ ብቻ ግዢውን አትተዉ። ግን ሻጩ ስለሱ ምንም የማያውቅ ከሆነ ወይም አይቶ እንዳላየ ካለፈው ሌላውን ነገር ሁሉ በሁለት ዓይን ተመልከቱ።

ቀጥሎ ርቀቱ። አብዛኞቹ ሪሞቶች ጉልበታቸውን ቀንሰው የሚፈትሹበት ዘዴ አላቸው። በዚያ ዘዴ 30 እርምጃ ያህል ርቃችሁ ሁሉም መሪዎች ያለመንቀጥቀጥ መታዘዝ አለባቸው። ሞተሩ ጠፍቶም ተነስቶም ሞክሩት፤ አንዳንዴ ችግሩ የሚመጣው ሞተሩ ሲዞር ብቻ ነው። የአንቴናውን ጫፍ በዓይናችሁ እዩ። የተቆረጠ፣ የታጠፈ ወይም በስታኞ የተቀጠለ ከሆነ ሪሲቨሩን ዋጋ እንደሌለው ቁጠሩት።

ባትሪውን መዝኑ። ከዚያ በመለኪያው እያንዳንዱን ሴል ለብቻው እዩ። የሞላ ሴል 4.2 ቮልት ነው። ለማስቀመጥ የሚመረጠው 3.8 አካባቢ ነው። ከ3 በታች የወረደ ሴል ካለ ተጎድቷል። አንዱ ሴል ከሌሎቹ ከ0.05 ቮልት በላይ የሚለይ ከሆነም ጤና የለውም። ቻርጀሩ የውስጥ ተቃውሞ (ባትሪው ሲያረጅ የሚጨምር መጠን) በሚሊ ኦም የሚያሳይ ዓይነት ከሆነ በጣም ጥሩ። በዚህ መጠን ባለው ጤነኛ ባትሪ ላይ እያንዳንዱ ሴል አብዛኛውን ጊዜ ከ10 በታች ነው። የኔዎቹ 28 ነበሩ። «30 ሲ» የሚለውን ጽሑፍ ግን አትመኑት። 2.2 አምፔር አወር በ30 ሲባዛ 66 አምፔር ይሰጣል ማለታቸው ነው። አዲስ በሚሸጡት ላይ እንኳ ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ የተጋነነ ነው።

አውሮፕላኑንም መዝኑ። ፋብሪካው ለመብረር ዝግጁ ሲሆን ስንት እንደሚመዝን ይጽፋል። የተጣበቀ አውሮፕላን ይከብዳል። ከተጻፈው 80 ወይም 100 ግራም በልጦ ከተገኘ ማጣበቂያው የት እንዳለ ጠይቁ። ከአዲስ ስቲከርና ከአዲስ ቀለም ስር በጣታችሁ ዳስሱ። ክንፉን ከኋላ በኩል በዓይን ደረጃ ይዛችሁ ሁለቱን ግማሾች አነጻጽሩ። መሪዎቹን አንድ በአንድ ቀስ ብላችሁ ሳቡ፤ ማጠፊያቸው መላቀቅ የለበትም። ባልሳ ከሚባል ቀላል እንጨት የተሠራ አውሮፕላን ከነነዳጅ ሞተሩ ከሆነ አፍንጫው አካባቢ ያለውን እንጨት ተመልከቱ። ዘይት የጠጣ ባልሳ ማጣበቂያ አይዝም፤ ዛሬ የጠገናችሁት ነገ ይላቀቃል።

ስለ ሪሞቱም አንድ ነገር። ሪሞትና ሪሲቨር የሚነጋገሩበት ቋንቋ አላቸው። ሁለቱም 2.4 ጊጋ ኸርዝ ስለሆኑ ብቻ አይግባቡም። ከአውሮፕላኑ ጋር በአንድ ካርቶን የሚመጡ አንዳንድ ርካሽ ሪሞቶች ከዚያ አውሮፕላን ውጭ ለምንም አይሆኑም። ሁለተኛ አውሮፕላን ስትገዙ ሪሞትም እንደገና ትገዛላችሁ። ጉልበት መስጫው በግራ ነው በቀኝ የሚለውንም አረጋግጡ፤ ሁለቱም ዓይነት አለ። በድሮ ፍሪኩዌንሲ፣ ክሪስታል (ፍሪኩዌንሲውን የሚወስን ትንሽ ክፍል) እየተቀያየረ የሚሠራ «ፕሮፌሽናል ባለ ስምንት ቻናል» በርካሽ ከቀረበላችሁ ይቅርባችሁ። አጠገባችሁ ሌላ ሰው በዚያው ፍሪኩዌንሲ ሪሞት ካበራ የሁለታችሁም አውሮፕላን ሊወድቅ ይችላል።

ክፍያውን በተመለከተ የምለው አጭር ነው። ሳታዩ ቀብድ አትላኩ። ርቀት ላይ ከሆናችሁ ሳይቆራረጥ የተቀረጸ ቪዲዮ ጠይቁ። ባትሪው ሚዛን ላይ፣ አውሮፕላኑ ሚዛን ላይ፣ ከዚያ ፕሮፔለር ተፈትቶ ሪሞቱ ሲጠፋ። ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል። «ፉል ሴት» የሚለውንም በየክፍሉ አስተምኑት። አውሮፕላኑ ለብቻው ስንት፣ ሪሞቱ ስንት፣ ባትሪዎቹ ስንት። አልነጥልም ካለ አንዱ ክፍል ዋጋ እንደሌለው ያውቃል ማለት ነው። መለዋወጫ ክንፍና አፍንጫ አሁንም ይሸጥ እንደሆነ አስቀድማችሁ ፈልጉ። መሠራቱ የተቋረጠ ሞዴል ሲሰበር መጨረሻው ጥግ ላይ ያለ ካርቶን ነው።

ፍተሻውን ከሻጩ ጋር ሆናችሁ በስልካችሁ ቅረጹት። ኋላ «አንተ ነህ የጣልከው» ሲባል የምታሳዩት ያንን ነው። እኔ የማሳየው ምንም አልነበረኝም።

ገዝታችሁ ቤት ያስገባችሁት ደግሞ የሚቀጥለውን በረራ አዘግዩ። ዛሬ ማታ ፕሮፔለሩን ፈታችሁ ፌይልሴፉን እዩ። ነገ የርቀቱን ፍተሻ አድርጉ። ባትሪውን መዝኑ። ባትሪ ቻርጅ ስታደርጉ ከአጠገቡ አትራቁ፤ የማይቀጣጠል ነገር ላይ አስቀምጡት። እስካሁን ወድቆባችሁ ከነበረም ስብርባሪውን ሳትጥሉ አንዴ ተመልከቱት። እናንተ ያልቀባችሁት ማጣበቂያ ካለበት፣ ማን ቀድሞ እንደጣለው ታውቃላችሁ።

አንቴናውን ለእህቴ ልጅ አሳየሁት። ማስመሪያ አምጥቶ ራሱ ለካው። 12 ሚሊ ሜትር። ሁለት ጊዜ ለካው። ምንም አላለም፤ ግን በሚቀጥለው ቅዳሜ የቤት ሥራ የለኝም አለ።

ባለፈው ወር ሌላ ያገለገለ አውሮፕላን ልናይ አብረን ሄድን። ሚዛኑን ከቦርሳዬ ሳላወጣ ሻጩ ራሱ ፕሮፔለሩን መፍታት ጀመረ። የግራውን ክንፍ ገልብጦ በጣቱ አሳየን። «እዚህ ጋ ተሰብሮ ነበር፣ እኔ ነኝ የጠገንኩት፣ 20 ግራም ጨምሯል» አለ። ከባትሪዎቹ አንዱ እንዳረጀ ነግሮን ከዋጋው አወጣው። የጠየቀውን ከፈልኩት።

ልጁ ግን ከመውሰዳችን በፊት ርቀቱን እኔ ልፈትሽ አለ። ሪሞቱን ይዞ ሜዳው ላይ ወጣ። እርምጃውን ጮክ ብሎ እየቆጠረ ሄደ። ሠላሳ ብሎ ቆመ፣ ወደኛ ዞረ፣ ስቲኩን ወደ ግራ ገፋ። እግሬ ስር ያለው አውሮፕላን የግራ ክንፉን መሪ አነሳ።